የቦራው እምቢታ

የታናት ሙት ዓመት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቃራሱ መንደር የሚያወራው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ፈረሱ ነበር። ሰውማ ከሞተ በኋላ ሁሉም ደግ ነው። ፈረሱ ቦራ ግን ሳይሞት መቅረቱ ጥፋት ሆኖበት፣ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲነሣና ሲጣል ከረመ።

ደንቡን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ይጋልበው የነበረው ፈረስ ጋማና ጭራው ይሸለታል። ዓመቱን ሙሉ ኮርቻ ሳይጫንበት በመስክ ይሰነብታል፤ በሙት ዓመቱ ተመርቆ ይታረድና ሥጋው ለእንግዳ ይቀርባል። ራሱን ደግሞ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ያወጡትና ከቀደሙት ፈረሶች ራስ አጠገብ ያስቀምጡታል። ለፈረስ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ዛሬ ይህን የሚጠብቀው ቤት ጥቂት ነው፤ የታናት አባት የሽማግሌው የኤሰንከልዲ ቤት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ታናት የተቀበረ ዕለት የቦራን ጋማ በመቀስ የሸለቱት እናቱ ኩሊያሽ ራሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ሽማግሌው «ጌታውን በረዶ ላይ ጥሎ ብቻውን የገባ ፈረስ ለልጄ አይታረድም! ለቋሊማ ይሂድ!» ብለው ቁጭ አሉ። ለድግሱ ሌላ ባዝራ መርጠው፣ ለቦራ ከከተማ የጭነት መኪና አስጠሩ።

ይህን ለኡልቦሲን የነገራት ጎረቤታቸው ማርደን ነው። ኡልቦሲን የኤሰንከልዲ የበኩር ልጅ ናት። ስትወለድ ወንድ ይጠበቅ ስለነበር ስሟን ኡልቦሲን፣ «ወንድ ይሁን» ማለት ነው፣ ብለው አወጡላት፤ ወንዱ ታናት ዘግይቶ እስኪመጣ ድረስም እሷው ከአባቷ ጋር ፈረስ ስትገራ አደገች። አሁን በአገሪቱ ዋና ከተማ በአስታና የጥንት አጥንት የምትመረምር ባለሙያ ናት። መኪናዋን ከበሩ ፊት አቁማ ገና ሳትወርድ ማርደን በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ዶክተር! አንቺ የሞተ ፈረስ ፍለጋ ስትዞሪ፣ እኛ እዚህ ያለውን እየሸኘን ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቦራ ነገ ጠዋት ለቋሊማ ሊሄድ ነዋ። አባትሽን አንቺው ብታናግሪያቸው ይሻላል። እኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ከዘራቸውን አነሡብኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እኔንም አብረው ይጭኑኝ ነበር!»

ማርደን በራሱ ቀልድ ሳቀ። ኡልቦሲን መሪውን እንደጨበጠች ቀረች። ቦራ ምንም እንዳላጠፋ የሚያውቅ በዚህ ዓለም እሷ ብቻ ነበረች።

የኡልቦሲን ሥራ ከጥንት አጥንት ላይ ጥቂት ፈጭቶ፣ ከዱቄቱ ውስጥ ዲኤንኤ ማውጣት ነው። ፈረስን መጀመሪያ የገራው ማን ነው? ዛሬ ዓለም የሚጋልበው ፈረስስ ዘሩ ከየት ይመዘዛል? ብዙ አገር ያሉ ምሁራን በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል። ለቃራሱ ሰው ግን ጥያቄው ጥያቄ አይደለም፤ «እዚሁ ነዋ፣ በእኛ አባቶች!» ይላል ሳይጠየቅ። አምና የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል ተንዶ የፈረስ መንጋጋ ብቅ ብሎ ያየው ታናት ነው። ለእህቱ ደወለላት። «ጎርፉ ሳይወስደው አውጣልኝ» አለችው፤ «ጓንት አድርግ፣ በባዶ እጅህ እንዳትነካው።»

ታናት በማግስቱ ጠዋት፣ የሌሊቱ ውርጭ ያጠነከረውን የወንዙን በረዶ በቦራ ተሻግሮ ሄደ። ከቀትር በኋላ ከማዶ ሆኖ ደወለ።

«እትዬ፣ አጥንትሽ ወጥቷል። ሙሉ ራስ ነው። ጥርሱማ ከኔ ይሻላል!»

«የኔ ጌታ! በል ቶሎ በል፤ ማርደን ወደ አስታና ከመነሣቱ በፊት ድረስበት። ነገ የመመርመሪያው ማሽን ተራ የኔ ነው።»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው። ቦራ በረዶውን አልረግጥም ብሏል። በሰኮናው ይመታዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይላል። ፀሐዩ ሳያሳሳው አልቀረም። በድልድዩ ብዞር ይሻላል መሰለኝ፤ ግን ማርደን አይጠብቀኝም።»

ኡልቦሲን ሳቀች። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ሳቅ ላይ ነው።

«አንተ! ከመቼ ወዲህ ነው የኤሰንከልዲን ልጅ ፈረስ የሚያዘው? ሙሽራ ሆነሃል እንዴ፣ እግሬ እንዳይረጥብ የምትለው?»

«እሺ፣ እሺ! ምላስሽ ከአለንጋ ይብሳል» አለ ታናትም እየሳቀ። ስልኩ ሳይዘጋ ቦራን ሲመታው ሰማች።

በረዶው ወንዙ መሀል ከዳው። ታናት ከፈረሱ ወርዶ ዛቡን እየሳበ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ሲሰምጥ ዛቡ ተበጠሰ፣ ቦራም ወደ መጣበት ዳርቻ ተመለሰ። ከዚያም መጀመሪያውኑ ሊሄድበት በፈለገው መንገድ፣ በድልድዩ ዞሮ፣ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ያገኘው ማርደን ነው፤ መኪናዋ ተበላሽታበት ያን ዕለት አስታና አልሄደም ነበር። ከኮርቻው ላይ የታሰረውን ከረጢት ፈትቶ አኖረና በቀብሩ ዕለት ለኡልቦሲን ሰጣት። «ያንቺ ነገር ይመስለኛል» አላት፤ ሌላ አልጨመረም። ማርደን ቀልድ ያበዛል እንጂ ሰው መመርመር አይወድም።

ከረጢቱን ተቀበለች። ወንድሟ ላይ አፈር እየተመለሰ ሳለ፣ እርጥቡ ከረጢት አጥንቱን እንዳያበላሸው የሚል ሐሳብ በልቧ ሽው አለ። ለራሷ ይቅር ያላለችው አንዱ ይህ ነው። አምስት ሺህ ዓመት የተኛ አጥንት አንድ ማታ መጠበቅ አያቅተውም ነበር፤ ያቃታት እሷን ነው።

ሁለተኛው የደረሰባት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አጥንቱ በጣም ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ባልደረቦቿ ሲያዩት አጨበጨቡ። ከፈረሱ ዘር መሀል ግን ጥቂት የሰው ዘር ተቀላቅሏል፤ የጥንት ሳይሆን የአሁን ሰው፣ ወንድ። እንዲህ ያለው ነገር እነሱ ዘንድ ቆሻሻ ነው። የቆፈረ ሰው እጁን ሲያሳርፍ ይመጣል፤ ተለይቶ ይጣላል። ኡልቦሲን የማን እንደሆነ አላጣችውም። ታናት ስልኩን ለመንካት ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አውልቆ፣ ለእሷ ደውሎ፣ ከዚያ በባዶ እጁ ከረጢቱን አስሯል። ጓንት አድርግ ያለችው እሷ፣ ያስወለቀችውም እሷ። ባልደረባዋ «ብክለቱን ላጥፋው?» ሲላት «አጥፋው» አለች። ሌላ ምን ትበል? ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች።

ይህን ሁሉ ለአባቷ ለመንገር ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራት። ደግሞም አባቷ ይደውሉ ነበር። ዓርብ ዓርብ ኩሊያሽ ለሟቹ ነፍስ ቂጣ በዘይት ሲጠብሱ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ ሽማግሌው መቀመጥ ያቅታቸውና ስልኩን ይዘው ወደ ጋጣው ይወጣሉ።

«በምላሴ ገደልኩት፣ ውርንጭላዬ» ይሏታል። «የዚያን ዕለት ጠዋት ሰደብኩት። ባዝሮቹ ወንዝ ተሻግረው ጠፍተዋል፣ አንተ እንደ አራስ ትተኛለህ አልኩት። ባልናገረው ኖሮ ያን በረዶ ምን ያስረግጠው ነበር?»

«አባባ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አላህ ያመጣው ነው» ትላቸዋለች።

የተናገረችው እውነት ነበር፤ ያን እውነት ያሠራችው ግን የውሸት ሥራ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። ይህን ያለው ሰው ዝምታን ዓመት ሙሉ ጎተራ ውስጥ አስቀምጦ አላየም። ኡልቦሲን በእያንዳንዱ ዓርብ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ትላለች፤ ድምፃቸውን ስትሰማ «እንዲህ ባዘኑበት ቀን እንዴት?» ትላለች፤ ሲዘጉት ደግሞ ትንፋሿ ይመለሳል። የሚያሳፍራት ይህ የትንፋሿ መመለስ ነው።

ማርደን የነገራትን ይዛ ወደ ቤት ስትገባ አባቷ ሻይ ይጠጡ ነበር። ግንባሯን ሳሟት፤ ከአምናው ከስተዋል።

«እህ፣ ያ አጥንትሽ ምን አለ? ጋዜጣ ላይ ወጣሽ አሉኝ።»

«የእኛ አገር የጥንት ፈረሶች፣ አባባ፣ የዛሬዎቹ አባት አይደሉም። የጥንት ሰዎች እዚህ ፈረስ ማርባቱንስ ያረቡ ይመስላል፤ ወተቱንም ያልቡ ነበር። ዘሩ ግን ወደ ዱር ነው የተመለሰው። ዛሬ የምንጋልባቸው ከምዕራብ የመጡ ናቸው፣ ከቮልጋ ወንዝ ወዲያ።»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቦራም?»

«ቦራም።»

«ይኸው! መጤ ነዋ! ለካ ለዚህ ነው ልጄን የካደው» አሉ፤ ለቀልድ ጀምረውት ለቀልድ አልሆነላቸውም።

«አባባ፣ ቦራን ይተዉት። ደንቡ ይፈጸምለት።»

«አትንኪኝ፣ ውርንጭላዬ። እኔና እሱ ነን ልጁን የገደልነው። እኔ በምላሴ ላክሁት፣ እሱ ይዞት ገባ። ለራሴ ቋሊማ ቤት የለኝም፤ እሱ ይሂድልኝ።»

አፏን ከፈተች። ኩሊያሽ ዱቄት በተለወሰ እጃቸው ብቅ ብለው «ነይ እስቲ፣ ሊጡን አግዢኝ» አሉ። ኡልቦሲን ጥሪውን እንደ ነፍስ አድን ቆጥራ ተነሥታ ተከተለቻቸው። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው መጣ። ሾፌሩ መወጣጫውን ሳንቃ ዘረጋ፤ ሳንቃው ያረጀ፣ መሀሉ የሰረጎደ ነበር። ማርደን ቦራን ከጋጣ አወጣው። ዓመቱን ሙሉ ያልተጋለበ ፈረስ ወፍሮ ያብረቀርቃል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ብቻ ድሮ እንደነበረው ነው፤ የተሸለተው ጋማው እንደ ብሩሽ ቆሟል። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል።

ቦራ ሳንቃው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸተተ። በፊት ሰኮናው ሳንቃውን አንዴ መታ፣ ደገመው፤ ከዚያ ወደ ኋላ አለ። ማርደን ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይህ ሳንቃ እኔንም አይችለኝ፤ እውነቱን ነው» አለ ማርደን።

ሽማግሌው ኤሰንከልዲ አለንጋቸውን ይዘው መጡና ፈረሱን መቱት። ደግመው መቱት።

«ዛሬ ነው እምቢ ማለት ያማረህ? ለራስህ ነፍስ ሲሆን ታውቅበታለህ! ያን ዕለት ይህን እምቢታህን የት ጥለኸው ነበር? ያን ዕለት እምቢ ብትል ኖሮ ልጄ…» እጃቸው ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ።

«ብሎ ነበር» አለች ኡልቦሲን።

ማንም አልሰማትም። እናቷን ገፍታ ወደ ፊት መጣችና የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አይምቱት፣ አባባ! እምቢ ብሎ ነበር!»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ታናት ደውሎልኝ ነበር። ማዶ ሆኖ። ቦራ በረዶውን አልረግጥም ብሏል፣ በሰኮናው ይመታዋል፣ በድልድዩ ልዙር አለኝ። እኔ ሳቅሁበት። የኤሰንከልዲን ልጅ ፈረስ ያዘዋል ወይ አልኩት። ከዚያ መታውና ገባ።»

ሽማግሌው አለንጋው እጃቸው ላይ ተንጠልጥሎ አዩዋት። «ባዝሮቹን ፍለጋ…»

«ለባዝሮቹ አልሄደም። የእርስዎ ስድብ አይደለም የወሰደው። ለእኔ ነው የሄደው፤ ያን አጥንት ሊያመጣልኝ። እንዲቸኩል ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ኩሊያሽ የሸማቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ማርደን መሬት መሬት አየ። ሾፌሩ የማያውቀው ሰው ቤት ገመና ላይ እንደተገኘ ሁሉ ወደ መኪናው ኋላ ዞረ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ልጃቸው አልነበረም። አለንጋውን ጥለው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ግንባራቸውን በቦራ ግንባር ነጭ ላይ አሳረፉ። «ይቅር በለኝ፣ የልጄ ጓደኛ» አሉት። ፈረሱ ጆሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ። ከዚያም ለሾፌሩ «ሂድ ልጄ፤ በባዶ ስለመለስንህ አትቀየመን። ይህ ፈረስ ባለቤት አለው» አሉት።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ እሷ የዞሩት።

«ዓርብ ዓርብ ስደውልልሽ፣ በምላሴ ገደልኩት ብዬ ሳለቅስልሽ፣ ትሰሚኝ ነበር?»

«እሰማዎት ነበር።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ልጁንስ አንቺ አልገደልሽውም» አሉ ቀስ ብለው። «ወንዝ ነው የወሰደው። እህትና ወንድም ይቀላለዳሉ፤ እኔም በወጣትነቴ ከዚያ የባሰ ተናግሬያለሁ። ይህን እረሳዋለሁ፤ ምናልባት ዛሬውኑ። እኔን ግን ዓመቱን ሙሉ ስትገድዪኝ ከርመሽ፣ ዓርብ ዓርብ አይዞዎት ትዪኝ ነበር።»

የቦራን ገመድ ከማርደን እጅ ወስደው ራሳቸው ወደ ጋጣ መሩት። ኡልቦሲን ተከትላ ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሟት።

በድግሱ ዕለት ቦራ እንደ ደንቡ ተመረቀ። ሽማግሌዎች በዙሪያው ቆመው ዱዓ አደረጉ። ኤሰንከልዲ ሕዝቡ ፊት «ይህ ፈረስ ልጄን ሊያድነው ፈልጎ ነበር፤ ያላመንነው እኛ ነን» አሉ፤ ከ«እኛ» በላይ አልዘረዘሩም። ታረደ፤ ራሱን ማርደን ወደ ጉብታው ይዞት ወጣ። ያ ቀልደኛ ሰው ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ኡልቦሲን ከንጋት ጀምሮ ወጥ ቤት ነበረች። ሥጋ አማሰለች፣ ሊጥ ዳመጠች፣ ሰሐን አጠበች። እጇ ሥራ ከያዘ ሰው የማያያት መስሏት ነበር። እንግዶቹ ሲቀመጡ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ገባች።

ቃራሱዎች «ሴት ልጅ ለአባቷ ቤት እንግዳ ናት» ይላሉ፤ ነገ የሌላ ቤት ሰው ናትና። ኤሰንከልዲ ይህን አባባል በሰሙ ቁጥር ይቆጡ ነበር። «የእናንተ ሴት ልጅ! የኔዋ ቤተኛ ናት» ይሉና፣ ሻይ የምትቀዳ እሷ፣ ስኒያቸውን የምታውቅ እሷ፣ ከጎናቸው ዝቅ ብላ የምትቀመጥ እሷ ትሆን ነበር።

«ኡልቦሲን» አሉ ከበላይ ሆነው፤ ውርንጭላዬ አላሉም። «ማንቆርቆሪያውን ለእናትሽ ስጪ። ነይ፣ ከላይ ተቀመጪ።»

«አባባ፣ ሻዩን ልቅዳና…»

«እንግዳ አይቀዳም። ከሩቅ ነው የመጣሽው።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ከክብሩ ቦታ ላይ ትራስ አስተካከሉላት። የመጡት ሁሉ ደስ አላቸው፤ «ይገባታል! የተማረች ናት! አባትነት እንዲህ ነው!» ተባለ። አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው አስቀመጧት። ኩሊያሽ ማንቆርቆሪያውን ሲቀበሏት ዓይኗን አላዩም።

ከዚያ የቦራ ሥጋ መጣ። ኤሰንከልዲ ቢላ አንሥተው ለክቡር እንግዳ የሚሰጠውን፣ ከዳሌው አጥንት ጋር ያለውን፣ ቆርጠው በሁለት እጃቸው እፊቷ አስቀመጡ። ለሟች በተደገሰ ማዕድ አልበላም ማለት ሟቹን መናቅ ነው፤ የክብር እንግዳው ካልጀመረ ደግሞ ማንም አይጀምርም። ቤት ሙሉ ሰው እጁን ሰብስቦ ጠበቃት።

«ብዪ እንጂ፣ እንግዳችን» አሉ አባቷ። «ሰው ርቦታል።»

ኡልቦሲን ቢስሚላህ አለች፤ ቆርሳ ጎረሰች። ሁሉም እጁን ሰደደ።